በትል ፕሮቲንና ጂኖም ላይ ለምትሠሩ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በጥገኛ ትሎች ላይ የሚሠራ ባዮኬሚስት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ መስክ ነው። እርሾ ወይም ባክቴሪያ ላይ ሠርቷል፤ ወይም አንድ ንጹህ ኢንዛይም ይዞ ዓመታት ቆይቷል። እዚያ ቱቦው ላይ የተጻፈውና ቱቦው ውስጥ ያለው በአብዛኛው አንድ ነው። ትል ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ትሉ የሚኖረው ሌላ እንስሳ ውስጥ ነው። የእንስሳውን ደም ይጠጣል። የእንስሳውን ፕሮቲን ቆዳው ላይ ይለጥፋል። አንጀቱ ውስጥ፣ አንዳንዱም ህዋሱ ውስጥ፣ ባክቴሪያ ይዟል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህንን ከመርሳት ነው። ጎበዝ ተማሪዎች ሲሠሯቸው አይቻለሁ። በታተሙ ጽሑፎች ውስጥም አሉ።

ስለ ፒፔት አያያዝና ስለ ቡፈር ስሌት አልጽፍም። እዚህ የደረሰ ሰው ያውቀዋል።

ኢንዶቶክሲን ሳይለኩ ስለ በሽታ መከላከል ማውራት

ይሄኛው ይቅደም። ሰው የልፋቱን ፍሬ ሙሉ በሙሉ ሲያጣበት አይቻለሁ።

ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው ከትሉ አንድ ጂን ይወስዳል። ኢ. ኮላይ ውስጥ ያስገባዋል። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ያመርታል፤ ተማሪው በኒኬል ኮለም ያጠራዋል። ጄሉ ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር ይወጣል። ከዚያ ፕሮቲኑን ማክሮፌጅ በሚባሉ የሰውነት መከላከያ ህዋሶች ላይ ይጨምረዋል። ህዋሶቹ ወዲያው ይነሳሉ፤ እብጠት የሚቀሰቅሱትን ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 ያመነጫሉ። «ይህ የትል ፕሮቲን የሰውነትን መከላከያ ያነቃቃል» ተብሎ ይጻፋል። ፖስተር ይሠራበታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል።

ህዋሶቹን ያነሳው ግን ፕሮቲኑ ላይሆን ይችላል። ኢ. ኮላይ የውጭ ሽፋኑ ላይ ሊፖፖሊሳካራይድ አለው። ኢንዶቶክሲን የምንለው እሱን ነው። ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ ኮለሙን አብሮ ያልፋል። በተለመደው የፕሮቲን ቀለም ጄል ላይ አይታይም። ማክሮፌጅ ደግሞ ይህን ነገር በቀላሉ ያሸታል። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ከአንድ ናኖግራም በታች ቢኖር እንኳ ይነሳል። ስለዚህ ያ ጥርት ያለ መስመር ስለ ኢንዶቶክሲን የሚነግራችሁ ነገር የለም። ምንም!

«ኮንትሮል ሠርቻለሁ፤ ቡፈሩን ብቻ ስጨምር ምንም አልመጣም» ይሉኛል። ቡፈሩ እኮ ባክቴሪያ ውስጥ አላለፈም! ደህና ኮንትሮል ማለት በዚያው ባክቴሪያ ተመርቶ፣ በዚያው ኮለም የጠራ ሌላ ፕሮቲን ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱ ናሙናዎች ውስጥ ያለው ኢንዶቶክሲን እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለኩት። ከሆርስሹ ክራብ ደም የሚዘጋጀው የሊሙለስ ምርመራ ለዚህ ነው የተሠራው። ከዚያ የናሙናውን ግማሽ አፍሉት። አብዛኛው ፕሮቲን ሲፈላ ይበላሻል፤ ኢንዶቶክሲን ግን ሙቀቱን ይችለዋል። ከፈላ በኋላም ህዋሶቹ እንደበፊቱ ከተነሱ ቆም በሉ። ሌላውን ግማሽ በፕሮቲኔዝ ኬ ቆራርጡትና ሞክሩ። ቲኤልአር 4 የሌላቸው የአይጥ ህዋሶች ካገኛችሁ ደግሞ እነሱ ላይ ሞክሩ፤ ኢንዶቶክሲን በዋናነት የሚታወቀው በዚያ ተቀባይ በኩል ነው። ኢንዶቶክሲንን የሚያስረውን ፖሊሚክሲን ቢ መጨመርም ይረዳል። ሁሉንም አጣብቆ ስለማይዝ ግን እሱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሌላም የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ትሎች ለዓመታት በሰው ሰውነት ውስጥ የሚቆዩት የሰውነትን መከላከያ በማብረድ ነው። ታዲያ አንድ የትል ፕሮቲን ልክ እንደ ባክቴሪያ እብጠት ሲቀሰቅስ ካያችሁ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ራሱ ባክቴሪያው ነው። ከማምረታችሁ በፊት ካሰባችሁበት እርሾ ወይም የነፍሳት ህዋስ ምረጡ። እነሱ ኢንዶቶክሲን አያመርቱም። ከውሃና ከዕቃ ሊገባ ስለሚችል ግን መለካቱ አይቀርም።

ፒኤምኤስኤፍ ብቻ ጨምሮ ትል መፍጨት

ትል ሲፈጭ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞቹ (ፕሮቲዬዞቹ) ናሙናውን እንዳይበሉት ማገጃ ይጨመራል። ፒኤምኤስኤፍ በዋናነት የሚያግደው ሴሪን ፕሮቲዬዞችን ነው። ትል ደግሞ የሲስቲንና የአስፓርቲክ ፕሮቲዬዝ ጎተራ ነው። የጉበት ትል፣ ማለትም ፋሲዮላ፣ ከሚረጫቸው ፕሮቲኖች ዋነኛው ካቴፕሲን ኤል ነው፤ እሱም ከሲስቲን ወገን ነው። ስለዚህ የእነዚህን ማገጃዎች፣ ኢ-64 እና ፔፕስታቲን፣ አብራችሁ ጨምሩ። ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ልትፈጩ ስትሉ ጨምሩት፤ ጠዋት ቡፈር ውስጥ አዘጋጅቶ ከሰዓት መጠቀም ዋጋ የለውም። ኤዲቲኤ ያለበትን ቅይጥ ደግሞ ኒኬል ኮለም ላይ አትልቀቁ። ኒኬሉን ነቅሎ ይወስደዋል።

የማን ፕሮቲን እንደሆነ አለመጠየቅ

የመንጠቆ ትል አንጀት በአስተናጋጁ እንስሳ ደም የተሞላ ነው። የቢልሃርዚያ ትል ቆዳው ላይ የአስተናጋጁን አንቲቦዲና ሌሎች ፕሮቲኖች ለጥፎ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ትል ፈጭታችሁ ፕሮቲኖችን በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ስታዩ የሁለት እንስሳ ፕሮቲን እያያችሁ ነው። ፍለጋውን በትሉ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ካደረጋችሁ ሶፍትዌሩ የአስተናጋጁን ቁርጥራጭ ለሚቀርበው የትል ፕሮቲን ያድለዋል። አክቲንና ቱቡሊን የመሳሰሉት በሁሉም እንስሳት ስለሚመሳሰሉ ስህተቱ በእነሱ ላይ ይብሳል። ሁልጊዜ የሁለቱንም ዳታቤዝ አንድ ላይ ፈልጉ። የሁለቱም ሊሆን የሚችለውን ቁርጥራጭ ለማንም አትስጡት።

ትሉ በሕይወት እያለ የሚያወጣውን ፈሳሽ ስትሰበስቡም ጥንቃቄው ያው ነው። አንዲት ተማሪ ትል የሚረጫቸው ያለቻቸውን ፕሮቲኖች ዝርዝር ይዛልኝ መጣች። አናቱ ላይ የተቀመጠው የጥጃ አልቡሚን ነበር። ከማሳደጊያው ሴረም የመጣ ነው። በደንብ የሠራች ልጅ ናት፤ ማንም አልነገራትም እንጂ። ትሎቹን ደጋግማችሁ እጠቡ። ሴረም ወደሌለበት ፈሳሽ አዛውሯቸው። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ፈሳሽ ድፉት። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያያችሁ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ተከታተሉ። የሞተ ትል ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ያ «የተረጨ» ፕሮቲን አይባልም።

ባክቴሪያ የሠራውና ትሉ የሠራው አንድ ነው ብሎ ማመን

የሄሞንከስ ትል ክትባት ታሪክ ይህንን ከማንም በላይ ያስተምራል። ሄሞንከስ የበግና የፍየል ሆድ ውስጥ ሆኖ ደም የሚመጥ ትል ነው። አንጀቱ ላይ ኤች 11 የሚባል አሚኖፔፕቲዴዝ አለ። ከትሉ በቀጥታ የወጣው ኤች 11 ለበጎች ሲሰጥ በጣም ጥሩ ይከላከላል። ጂኑ ተለይቶ ፕሮቲኑ ባክቴሪያ ውስጥና የነፍሳት ህዋስ ውስጥ ሲመረት ግን ያን ያህል መከላከያ አልሰጠም። የአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። አጣጣፉና ላዩ ላይ የሚቀመጡት የስኳር ሰንሰለቶች ግን እንደ ትሉ አልሆኑም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ባርበርቫክስ የተባለው ክትባት የሚሠራው ከትሉ በቀጥታ በሚወጣ ፕሮቲን ነው። በጎች ሆን ተብሎ በትሉ ይያዛሉ፤ ከዚያ ትሎቹ ተሰብስበው አንቲጅኑ ይወጣል።

ይህን የማነሳው ባክቴሪያ ውስጥ አታምርቱ ለማለት አይደለም። ሳታረጋግጡ አትደምድሙ ለማለት ነው። ኢንዛይም ከሆነ ሥራውን ለኩ። አጣጣፉን በሰርኩላር ዳይክሮይዝም እዩ። ከተቻለ ከትሉ ከወጣው ጋር አወዳድሩ። ከማምረታችሁ በፊት ፕሮቲኑን ከህዋስ ወደ ውጭ የሚመራውን ሲግናል ፔፕታይድ ቆርጣችሁ አውጡ። ሲስቲን የበዛበትን የሚረጭ ፕሮቲን በኢ. ኮላይ ሳይቶፕላዝም ውስጥ አታምርቱ፤ እዚያ ሲስቲኖችን የሚያያይዘው የዳይሰልፋይድ ማሰሪያ በቀላሉ አይሠራም።

ብዙ ባዮኬሚስት የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። በየላቦራቶሪው ፕሮቲን ለማጥራት የምንለጥፈው የጂኤስቲ መለያ የመጣው ከራሱ ከቢልሃርዚያ ትል፣ ከሺስቶሶማ ጃፖኒከም ነው። የቢልሃርዚያ ሕሙማንን ሴረም በጂኤስቲ መለያ በተመረተ ፕሮቲን ላይ ከሞከራችሁ አንቲቦዲው የሚይዘው መለያውን ሊሆን ይችላል። መለያውን ቁረጡት፤ ወይም ሌላ ምረጡ።

ብዙ ትል አንድ ላይ ፈጭቶ እንደ አንድ ጂኖም ማንበብ

ወደ ጂኖም ስትሻገሩ ስህተቱ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ሲ. ኤሌጋንስ የሚባለው ትል እ.ኤ.አ. በ1998 ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው እንስሳ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚራባ ሁሉም ትል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ጥገኛ ትል እንዲህ አይደለም። ከአንድ በግ ሆድ የወጡ ሁለት ሄሞንከስ ትሎች እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ። ዲኤንኤ እንዲበዛላችሁ ብዙ ትል አንድ ላይ ስትፈጩ ኮምፒውተሩ የአንድ ጂን ሁለት መልክ ያይና ሁለት ጂን ነው ይላል።

ሄሞንከስ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ቡድኖች ጂኖሙን አወጡ። አንዱ 370 ሚሊዮን፣ ሌላው 320 ሚሊዮን ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በክሮሞሶም ደረጃ የተስተካከለው ጂኖም ሲወጣ ወደ 283 ሚሊዮን ወረደ። ትርፉን የፈጠረው በአመዛኙ ይህ የመልክ ብዛት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች በያዙት ቴክኖሎጂ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ያለ እነሱ የኋለኛው አይታሰብም። ግን «ይህ የጂን ቤተሰብ በትሉ ውስጥ ተባዝቷል» የሚል መደምደሚያ ከመጻፋችሁ በፊት ቅጂዎቹ እውነት ቅጂዎች መሆናቸውን በንባብ ብዛት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ በማየት፣ አረጋግጡ። የእውነተኛ ጂን የንባብ ብዛት ከሌላው ጂኖም ጋር ይስተካከላል። ግማሽ ከሆነ የአንዱ ጂን ሁለት መልክ ነው።

ብክለትን ግኝት ማለት

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ አንድ ቡድን ታርዲግሬድ የሚባል በማይክሮስኮፕ የሚታይ ትንሽ እንስሳ ጂኖም አንብቦ ከጂኖቹ አንድ ስድስተኛ ያህሉ ከባክቴሪያና ከሌሎች ፍጥረታት የገቡ ናቸው አለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ የኤድንብራ ተመራማሪዎች የዚያኑ ፍጥረት ጂኖም አንብበው አብዛኛው ብክለት መሆኑን አሳዩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ትል ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ዝሆኔ በሽታ የሚያመጡት ፋይላሪያ ትሎች ህዋሳቸው ውስጥ ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ አላቸው። ትሉ ያለ እሱ አይራባም፤ ዶክሲሳይክሊን እነዚህን ትሎች የሚጎዳውም ባክቴሪያውን ስለሚገድል ነው። ስለዚህ በጂኖሙ ውስጥ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ስታገኙ ሁሉንም ቆሻሻ ብላችሁ መጣልም ስህተት ነው። ከወልባኪያ የተቆረሰ ዲኤንኤ በትሉ ክሮሞሶም ውስጥ ገብቶ የተገኘበት ጊዜም አለ። የሚለየው ምንድን ነው? ረጅም ንባብ፣ ማለትም ረጅም የዲኤንኤ ቁራጭን በአንድ ጊዜ ማንበብ። በአንድ ንባብ ላይ የባክቴሪያው ጂንና የትሉ ጂን ጎን ለጎን ከተገኙ እውነት ነው። ካልተገኙ ዝም በሉ።

የሚቶኮንድሪያን ጂን በተለመደው ኮድ መተርጎም

አጭር ናት፤ ግን በየጊዜው አያታለሁ። በክብ ትሎችም ሆነ በጠፍጣፋ ትሎች ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ቲጂኤ የሚለው የሦስት ፊደል ኮድ የፕሮቲኑ ማቆሚያ አይደለም፤ ትሪፕቶፋን ነው። ኤጂኤና ኤጂጂ ሴሪን ናቸው። በጠፍጣፋ ትሎች ደግሞ ኤኤኤ አስፓራጂን ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ለክብ ትል ኮድ 5፣ ለጠፍጣፋ ትል ኮድ 9 ምረጡ። «ጂኑ መሃሉ ላይ ተቋርጧል፤ ሞቷል» ብላችሁ አትምጡብኝ።

ስሙን አይቶ ሥራውን ማወቅ

ዳታቤዝ ውስጥ ያለ የጂን ስም አብዛኛውን ጊዜ በመመሳሰል የተሰጠ ግምት ነው። አንዱ ገምቶ ይሰይማል፤ ቀጣዩ ከእሱ ይወርሳል፤ ሦስተኛው እንደ እውነት ይጠቅሰዋል። በቢልሃርዚያ ትል ጂኖም ውስጥ «ቬኖም አለርጅን መሰል» የተባሉ ብዙ ጂኖች አሉ። ስሙ የመጣው ከተርብ መርዝ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰሉ ነው። ትሉ መርዝ አለው ማለት አይደለም። ኢንዛይም ነው ከተባለም መጀመሪያ ለሥራው የግድ የሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች ቦታቸው ላይ መኖራቸውን ተመልከቱ። የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር የሚተነብየው የአልፋፎልድ ምስልም ከዚህ አያድናችሁም። ዘመድ የሌለው የትል ፕሮቲን ላይ የሞዴሉ እርግጠኝነት ብዙ ጊዜ ይወርዳል። እርግጠኝነቱን የሚያሳየውን ቀለም ሳታዩ ቅርጹን አትመኑ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውም ያሳዝነኛል። ተማሪዎች ስም የሌላቸውን ጂኖች ይሸሻሉ። ትልን ትል ያደረገው ነገር የተደበቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው እዚያ ይግባ።

ዕድሜውን፣ ፆታውንና የአካሉን ክፍል አለመለየት

የወስፋት እጭ ኦክስጅን ይጠቀማል። አንጀት ውስጥ ያለው አዋቂው ወስፋት ግን ኦክስጅን በሌለበት ፉማሬትን እንደ መጨረሻ ኤሌክትሮን ተቀባይ ይጠቀማል፤ ለዚህም ሮዶኩዊኖን የሚባል ኤሌክትሮን አመላላሽ አለው። ሁለቱን ቀላቅሎ «የወስፋት ሚቶኮንድሪያ» ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም። ዲኤንኤውም ቢሆን አንድ አይደለም። የወስፋት ፅንስ ሲያድግ የአካል ህዋሶቹ ከጂኖሙ የተወሰነውን ቆርጠው ይጥላሉ። ቦቬሪ ይህን በፈረስ ወስፋት ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ከጡንቻ የወሰዳችሁት ዲኤንኤና ከማህፀን ውስጥ ካሉት እንቁላሎች የወሰዳችሁት ይለያያል።

ዝርያውን ሳያረጋግጡ መጀመር

ከእያንዳንዱ ናሙና ትንሽ ቁራጭ ኤታኖል ውስጥ አስቀምጡ። ፎርማሊን ውስጥ አይደለም፤ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ከዓመታት በኋላ «ይህ እርግጥ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ ነው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሱ እዚያ ነው።

ወስፋትን መናቅ

ይሄ ከሥራው በላይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የወስፋት እንቁላል ፎርማሊን ውስጥ ሆኖ እንኳ ያድጋል። ላቦራቶሪ ውስጥ እጩን የምናሳድገው በዚያ ነው። ስለዚህ «ፎርማሊን ውስጥ ነው፤ ሞቷል» ብላችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። ትሉን የሚፈጩ ሰዎች ደግሞ ከጊዜ በኋላ ኃይለኛ አለርጂ ይይዛቸዋል። ዓይናቸው ያብጣል፤ ያስነጥሳቸዋል፤ አንዳንዱ ወደ ክፍሉ መግባት ያቅተዋል። ጓንት፣ መነጽርና አየር የሚስብ ሳጥን ተጠቀሙ። መጀመሪያ ቀን ምንም ካልተሰማችሁ ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ አለርጂው ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው።

ፕሮቲኑን ይዞ ሰውን መርሳት

ኤንኤ-ኤኤስፒ-2 የሚባል የመንጠቆ ትል ፕሮቲን ለክትባት ታጭቶ ነበር። በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጠ። በትሉ ተይዘው በማያውቁ ሰዎች ላይ ሲሞከርም ደህና ነበር። ብራዚል ውስጥ ቀድሞ በመንጠቆ ትል ተይዘው ለሚያውቁ ሰዎች ሲሰጥ ግን የተወሰኑት ወዲያው ሰውነታቸውን ሽፍታ ወረሰው። ደማቸው ውስጥ ለዚያው ፕሮቲን የተዘጋጀ አይጂኢ (አለርጂ የሚያስነሳ አንቲቦዲ) ቀድሞ ነበር። ሙከራው ቆመ። ክትባቱ የታሰበው ግን በትክክል ለእነዚህ ሰዎች ነበር። ስለዚህ ፕሮቲን ስትመርጡ ትሉ በሚገኝበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችን ሴረም መጀመሪያ፣ ገና ሥራው ሲጀመር፣ መርምሩ። የተለመደውን አንቲቦዲ አይጂጂን ብቻ ሳይሆን አይጂኢንም።

ከፓራሳይቶሎጂስቶች ጋርም ተቀራረቡ። ህዋስ ለመተንፈስ የሚጠቀምበትን ፕሮቲን፣ ሳይቶክሮምን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ለባዮኬሚስትሪ የሰጠው ዴቪድ ኬይሊን ጥገኛ ነፍሳትን የሚያጠና ሰው ነበር። የፈረስ ሆድ ውስጥ የሚኖር የዝንብ እጭ ሄሞግሎቢን ሲከታተል ነው ያገኘው። ትሉን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ባዮኬሚስት ሲያጋጥመኝ ማይክሮስኮፕ ጋ ወስጄ አስቀምጠዋለሁ። ብዙ ጥያቄ እዚያው ይነሳል።

ዳታውን ያለ ታሪኩ ማስቀመጥ

ዛሬ የብዙ ትሎች ጂኖም በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ብቻ 81 የትል ጂኖሞችን አነጻጽሯል። ይህ የሆነው ሰዎች ዳታቸውን ስላካፈሉ ነው። የእናንተንም አስቀምጡ። ስታስቀምጡ ግን የትሉን ዕድሜና ፆታ፣ ከየትኛው እንስሳ እንደወጣ፣ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደተወሰደ፣ ስንት ትል አንድ ላይ እንደተፈጨና መድኃኒት ወስዶ እንደነበር ጻፉ። «አዋቂ ትል» ብቻ ተብሎ የተቀመጠ የአርኤንኤ ዳታ በተደጋጋሚ አውርጃለሁ። ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። እንቁላል የሞላት ሴት ትል ከሆነች ደግሞ ከሚነበበው ብዙው የእንቁላሉ ነው። ለጻፈው ሰው ኢሜይል እልካለሁ፤ ተመርቆ ሄዷል፤ አማካሪውም አያስታውስም። ይህን ሁሉ የምትመዘግቡት ዳታውን ስታስገቡ ሳይሆን ትሉን ከእንስሳው ስታወጡ ይሁን።